የጋማ ጨረር ፍንዳታ ማንቂያዎች ንጽጽር፦ ለእርስዎ ቴሌስኮፕ የሚበጀው የየትኛው ሳተላይት ነው?

የጋማ ጨረር ፍንዳታ (ከሩቅ ጠፈር የሚደርሰን አጭርና ኃይለኛ የጋማ ጨረር ብልጭታ) መከሰቱን ማወቅ ከባድ አይደለም። በየጎኗ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነች ሳጥን መሳይ ሳተላይት አንድ ክሪስታል ይዛ ትሠራዋለች። ጣጣው ያለው ፍንዳታው የት እንደሆነ ማወቁ ላይ ነው። ዛሬ ማንቂያ የሚልኩ ሳተላይቶች በርካታ ናቸው፤ ማንቂያቸውም በነፃ፣ ብዙ ጊዜም በሰከንዶች ውስጥ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። ሁሉም «እዚህ ጋ ነው» ይላሉ። የአንዱ «እዚህ ጋ» ግን ከሌላው በስፋት አሥር ሺህ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል፤ አዲስ ጀማሪዎች ሌሊቱን ሙሉ ባዶ ሰማይ ሲያነሱ የሚያድሩትም ይህን ሳያዩ ቀርተው ነው።

መመሪያው የተጻፈው ከ20 ሳንቲ ሜትር የአማተር ቴሌስኮፕ አንሥቶ እንጦጦ ላይ እንዳሉት መንትያ ቴሌስኮፖች ባለ 1 ሜትር መስተዋት ድረስ ለያዙ ቡድኖች፣ እንዲሁም ኮምፒውተር ብቻ ላላቸው ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከምርጫው በፊት መለኪያው

ከሁሉ የሚቀድመው መለኪያ የስህተት ክቡ ከእርስዎ ካሜራ የእይታ ስፋት ጋር ሲተያይ ምን ያህል ነው የሚለው ነው። የስህተት ክብ ማለት ሳተላይቱ «ፍንዳታው በዚህ ውስጥ ነው» ብሎ የሚያሰምረው ክልል ነው። የሚለካው በዲግሪና በቅስት ደቂቃ ነው፤ 60 የቅስት ደቂቃ አንድ ዲግሪ ይሆናል፣ ሙሉ ጨረቃ ደግሞ ወደ 30 የቅስት ደቂቃ ትሰፋለች።

የራስዎን ስፋት ለማወቅ የካሜራውን ሴንሰር ስፋት ለቴሌስኮፑ የትኩረት ርዝመት ያካፍሉና በ3438 ያባዙ፤ መልሱ በቅስት ደቂቃ ይመጣል። 8 ሜትር የትኩረት ርዝመት ያለው ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፕ 37 ሚሊ ሜትር ሴንሰር ቢገጠምለት የሚያየው 16 በ16 የቅስት ደቂቃ ብቻ ነው። 800 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመት ያለው የ20 ሳንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ ከ23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ሴንሰር ጋር ግን 1.7 በ1.1 ዲግሪ ያያል።

አሁን 5 ዲግሪ ራዲየስ ያለው የስህተት ክብ መጣ እንበል። ስፋቱ 78.5 ካሬ ዲግሪ ነው። ትልቁ ቴሌስኮፕ ይህን ለመሸፈን ከ1,000 በላይ ፎቶ ያስፈልገዋል፤ ትንሹ 42 ገደማ ይበቃዋል። ለእያንዳንዱ ፎቶ 60 ሰከንድ፣ ለመንቀሳቀሻ 20 ሰከንድ ቢያዝ ትንሹ በ56 ደቂቃ ይጨርሳል። በዚህ ሥራ ትልቅ መስተዋት ሁልጊዜ አያሸንፍም የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው መለኪያ መዘግየት ነው። ከፍንዳታው በኋላ የሚቀረው ቅሪት ብርሃን በአብዛኛው ከጊዜው ጋር በተገላቢጦሽ ይወርዳል፤ ያለፈው ጊዜ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል። ከ1ኛው ደቂቃ እስከ 1ኛው ሰዓት 60 ጊዜ ይደበዝዛል፣ በማግኒቲውድ (ቁጥሩ ሲጨምር መደብዘዝን በሚያሳየው የድምቀት መለኪያ) ሲሰላ 4.4 ማለት ነው። በመጀመሪያው ደቂቃ 15 ማግኒቲውድ የነበረው በሰዓቱ 19.4፣ በማግሥቱ 23 አካባቢ ይደርሳል። የ20 ሳንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ በጥሩ ሰማይ የጥቂት ደቂቃ ፎቶዎችን አደራርቦ 18 ገደማ ድረስ ቢያይ ነው። ስለዚህ ለትንሹ ቴሌስኮፕ ያለችው የመጀመሪያዋ ግማሽ ሰዓት ናት፤ ትልቁ ትንሽ ይታገሣል። (ይህ አማካይ ጠባይ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የሚደምቁም፣ ፈጽሞ የማይታዩም አሉ።)

የቀሩት ሦስቱ ባጭሩ፦ ሳተላይቱ ከሰማዩ ምን ያህሉን በአንድ ጊዜ ያያል፣ ከማንቂያዎቹ ስንቱ ሐሰት ነው፣ ሳተላይቱስ የሚመጣው ዓመት በሥራ ላይ ይቆያል ወይ።

የጋማ ጨረርን ቦታ ማወቅ ለምን ከበደ?

ጋማ ጨረር እንደ ተራ ብርሃን በሌንስ አይታጠፍም፣ በተለመደ መስተዋትም አይሰበሰብም፤ ዘልቆ ያልፋል። ስለዚህ መሐንዲሶች በተዘዋዋሪ መንገድ ይሄዳሉ፦ ጥላውን ማንበብ፣ የተለያየ አቅጣጫ የሚያዩ ዲቴክተሮችን ቆጠራ ማነጻጸር፣ ወይም በተራራቁ ሳተላይቶች መካከል የመድረሻ ሰዓትን ማነጻጸር። ለስላሳ ለሆነው ኤክስሬይ ደግሞ አራተኛ መንገድ ተገኝቷል። ከታች የተዘረዘሩት አማራጮች የሚለያዩት በመሠረቱ በዚሁ ዘዴ ነው።

ስዊፍት፦ ጥላ አንባቢው

ናሳ በኖቬምበር 2004 ያመጠቀው ስዊፍት ባት የሚባል መሣሪያ አለው። ወንፊት ከመብራት በታች ሲያዝ ወለሉ ላይ የሚጥለውን ነጠብጣብ ጥላ ያስቡ፤ መብራቱ ወደ ግራ ቢሄድ ጥላው ወደ ቀኝ ይሸሻል። ባት የሚሠራው እንደዚያ ነው። ከላይ በዘፈቀደ የተደረደሩ 54,000 ገደማ የእርሳስ ሰሌዳዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 5 በ5 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረታቸው 1 ሚሊ ሜትር ነው። 1 ሜትር ዝቅ ብሎ 32,768 የካድሚየም ዚንክ ቴሉራይድ ቁራጮች ጥላውን ይቀበላሉ። ጭምብሉ በራሱ የሚለየው 20 የቅስት ደቂቃ ያህል ነው፤ የጥላውን መሃል በስሌት በማውጣት ግን ከ1 እስከ 4 የቅስት ደቂቃ ትክክለኛነት ላይ ይደርሳል።

ስዊፍትን ልዩ ያደረገው ቀጥሎ የሚያደርገው ነው። ምድርን ሳይጠይቅ ከ20 እስከ 75 ሰከንድ ባለው ጊዜ ራሱን ወደ ቦታው አዙሮ በኤክስሬይ ቴሌስኮፑ ይመለከታል፤ ይህ ስህተቱን ወደ 5 የቅስት ሰከንድ (60ው አንድ የቅስት ደቂቃ ይሆናል) ያወርደዋል። የ30 ሳንቲ ሜትር የአልትራቫዮሌትና የብርሃን ቴሌስኮፑም ያግዛል። 16 የቅስት ደቂቃ ለሚያይ ካሜራ የመጀመሪያው የባት ቦታ እንኳ በአንድ ፎቶ ውስጥ ይገባል።

ድክመቱ ጠባብነቱ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚያየው ከሰማዩ አንድ ዘጠነኛውን ነው፣ በዓመት የሚያገኘውም 90 ገደማ ፍንዳታ ነው። ሐሰተኛ ማንቂያም አያጣውም። ማንቂያው ውስጥ የኮከብ መከታተያው መስመሩን ስቶ እንደነበር የሚገልጽ ማስታወሻ ካለ፣ ቴሌስኮፑን አያነሣሡ፤ ሳተላይቱ የት እያየ እንደሆነ ሳያውቅ የታወቀ የኤክስሬይ ምንጭን እንደ አዲስ ቆጥሮት ይሆናል። ሌላው ዕድሜው ነው። ምህዋሩ እየወረደ በመሆኑ ናሳ በ2025 ከፍ የሚያደርግለት መንኮራኩር እንዲሠራ ለአንድ የአሜሪካ ኩባንያ የ30 ሚሊዮን ዶላር ሥራ ሰጥቷል። አዲስ ሥርዓት የሚገነባ ሰው በስዊፍት ብቻ ባይተማመን ይመከራል፤ ወቅታዊ ሁኔታውን አስቀድሞ ማየትም የግድ ነው።

ፈርሚ፦ ብዙ የሚያገኘው፣ በሰፊው የሚጠቁመው

ፈርሚ ከጁን 2008 ጀምሮ እየሠራ ነው። ጂቢኤም የተባለው መሣሪያው 12 የሶዲየም አዮዳይድ ዲስኮች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 12.7 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 1.27 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አላቸው፣ የሚያዩትም በየፊናቸው ነው። ለከፍተኛ ኃይል ሁለት ተጨማሪ ዲቴክተሮች አሉ። ዘዴው ቀላል ነው፦ ፀሐይን ፊት ለፊት የሚያይ ሰሌን ላይ የተሰጣ በርበሬ በጎን ከተሰጣው ቀድሞ ይደርቃል። የትኛው ዲስክ ብዙ፣ የትኛው ጥቂት ፎቶን ቆጠረ የሚለው ሬሾ አቅጣጫውን ይነግራል።

በምድር ያልተጋረደውን ሰማይ በሙሉ ስለሚያይ በዓመት 240 ገደማ ፍንዳታ ይመዘግባል፤ ከእነዚህ 40 ያህሉ ከ2 ሰከንድ የማይበልጡት አጫጭሮቹ ናቸው። በብዛት የሚወዳደረው የለም ማለት ይቻላል። በቦታ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ጨረሩ ከምድር ከባቢ አየርና ከሳተላይቱ አካል ተንጸባርቆ ስለሚመጣ ቆጠራው ይዛባል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በማንቂያው ጽሑፍ ላይ የሚታየው የስህተት ቁጥር ከቆጠራ ብዛት የሚመጣውን ብቻ ይይዛል፤ የመሣሪያው የራሱ መዛባት አልተደመረበትም። በ2015 የታተመ የመሣሪያው ቡድን ጥናት ይህን መዛባት ለ90 በመቶው ፍንዳታ 3.7 ዲግሪ፣ ለቀሪው 10 በመቶ ደግሞ 14 ዲግሪ ገደማ አድርጎታል። ስለዚህ ማንቂያው «2 ዲግሪ» ቢል ሁለቱን በየራሳቸው አባዝተው፣ ደምረው፣ ስኩዌር ሩቱን ይውሰዱ፦ 4 ሲደመር 13.7፣ መልሱ 4.2 ዲግሪ ነው። ያውም ይህ ቁጥር እውነተኛውን ቦታ ከሦስቱ ሁለት ጊዜ ብቻ የሚይዝ ክብ ነው። የሚሻለው ክቡን ትቶ የፕሮባቢሊቲ ካርታውን መጠቀም ነው፤ ካርታው መዛባቱን አካትቶ ይመጣል።

ፈርሚ ለአንድ ፍንዳታ ተከታታይ ማንቂያዎችን ይልካል፦ መጀመሪያ ቦታ የሌለው «የሆነ ነገር አለ»፣ ቀጥሎ ሳተላይቱ ራሱ ያሰላው ቦታ፣ ከዚያ ምድር ላይ የተሰላው፣ በመጨረሻም የተጣራው። በሳተላይቱ ስሌትና በመጨረሻው መካከል አሥር ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሸሽ ማየት ብርቅ አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፣ እይታው ጠባብ የሆነ ቴሌስኮፕ ያለው ቡድን የመጨረሻውን ቢጠብቅ ይሻለዋል። ደግሞ የፀሐይ ፍንዳታ፣ ማግኔታር (ማግኔታዊ ኃይሉ እጅግ የበረታ ኒውትሮን ኮከብ) እና ከነጎድጓድ ደመና የሚወጣ የጋማ ብልጭታ ጭምር መሣሪያውን ያስነሣል። ማንቂያው «ምናልባት ይህ ነው» የሚል ግምት ይዞ ስለሚመጣ ኮምፒውተሩ እሱን አንብቦ እንዲያጣራ ማድረግ ይቻላል።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ፣ ፈርሚን ማጣጣል ስህተት ነው። ኦገስት 17 ቀን 2017 ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ሲዋሃዱ የስበት ሞገዱ በደረሰ በ1.7 ሰከንድ ጋማውን ያየው ጂቢኤም ነበር። የእሱ ክልል ከ1,000 ካሬ ዲግሪ በላይ ነበር፤ የስበት ሞገድ መመልከቻዎቹ ላይጎና ቪርጎ ወደ 28 ካሬ ዲግሪ አጠበቡት። ብርሃኑን ኤንጂሲ 4993 በተባለው ጋላክሲ ላይ መጀመሪያ ያገኘው ደግሞ ቺሌ ያለው ስዎፕ የተባለ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፕ ነው፤ በመስተዋት ስፋት የእንጦጦዎቹ እኩያ። ያሸነፈበት ዘዴ ሰማዩን በሙሉ መጥረግ አልነበረም፤ በክልሉ ውስጥ በትክክለኛው ርቀት ላይ ያሉ ጋላክሲዎችን ዝርዝር አውጥቶ አንድ በአንድ ማንሣት ነበር። ጠባብ እይታ ላለው ቡድን ይህ እስከ ዛሬ ጥሩ ስልት ነው፤ የሚሠራው ግን የስበት ሞገድ ርቀቱን ሲነግረን ነው።

የፈርሚ ሌላው መሣሪያ ላት ነው። እጅግ ከፍተኛ ኃይል ያለውን ጨረር ያያል፣ ስህተቱም ከአንድ ዲግሪ በታች ነው፤ ግን በዓመት ጥቂት ፍንዳታ ብቻ ነው የሚያገኘው።

ስቮም፦ ለምድር ቴሌስኮፖች የታሰበው

ቻይናና ፈረንሳይ በጁን 2024 ያመጠቁት ስቮም የስዊፍት ታናሽ ወንድም ሊባል ይችላል። ኤክሌርስ የተባለው መሣሪያው በጥላ ነው የሚያነብበው፤ በአንድ ጊዜ የሚያየው ከሰማዩ አንድ ስድስተኛ ያህሉን ነው። የሚጀምረው ከ4 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጨረር ኃይል መለኪያ) ነው፤ ባት ከ15 ይጀምራል። ይህ ልዩነት ከሩቅ የሚመጡ ፍንዳታዎች ላይ ይታያል፤ ጠፈር ሲለጠጥ ብርሃናቸው ስለሚለሰልስ ባትን አምልጠው በኤክሌርስ ሊያዙ ይችላሉ። ማርች 14 ቀን 2025 የያዘው ፍንዳታ ቀይ ሽግግሩ (ብርሃኑ በመንገድ የተለጠጠበት መጠን) 7.3 ገደማ ሆኖ ተገኝቷል፤ ብርሃኑ የተነሣው ዩኒቨርስ 730 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው።

ለእኛ ጉዳይ ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ስቮም አብዛኛውን ጊዜ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ነው የሚያየው። ስለዚህ የሚያገኛቸው ፍንዳታዎች ምድር ላይ ሌሊት በሆነበት በኩል ይውላሉ። ከስዊፍት ማንቂያ ብዙው ፀሐይ ባለችበት በኩል እየወደቀ የሚያበሳጨው ሰው ይህን ያደንቃል። ማንቂያውም ከምድር ወገብ ግራና ቀኝ በተዘረጉ 50 ገደማ የሬዲዮ ጣቢያዎች ይወርዳል፤ ከማንቂያዎቹ 65 በመቶው በ30 ሰከንድ ውስጥ እንዲደርስ ታስቦ ተሠርቷል።

ስህተቱ ለደካማ ፍንዳታ እስከ 13 የቅስት ደቂቃ ይሄዳል። 16 የቅስት ደቂቃ የሚያይ ካሜራ ያለው ቡድን ሁለት በሁለት አድርጎ አራት ፎቶ ማዘጋጀት አለበት፤ አንድ ብቻ አንሥቶ «የለም» ብሎ ሪፖርት ማድረግ ነውር ነው። ሳተላይቱ ከዞረ በኋላ የኤክስሬይ ቴሌስኮፑ ከ2 የቅስት ደቂቃ በታች ያጠብበዋል፣ የ40 ሳንቲ ሜትር የብርሃን ቴሌስኮፑም ይከተላል።

አይንሽታይን ፕሮብ፦ የሎብስተር ዓይን

በጃንዋሪ 2024 የመጠቀው ይህ የቻይና ሳተላይት ጋማን አያይም። የሚያየው ከ0.5 እስከ 4 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያለውን ለስላሳ ኤክስሬይ ነው። ኤክስሬይ በጣም በተጋደመ አቅጣጫ ሲመጣ ከግድግዳ ላይ ስለሚንጸባረቅ፣ ሎብስተር የተባለው የባሕር እንስሳ ዓይን እንደሚያደርገው በጥቃቅን አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ይሰበሰባል። 12 ሞጁሎች አንድ ላይ 3,600 ካሬ ዲግሪ ይሸፍናሉ፤ ከሰማዩ አንድ አሥራ አንደኛ ገደማ። ቦታውን በጥቂት የቅስት ደቂቃ ይሰጣል፤ ተከታይ ቴሌስኮፑ ደግሞ ወደ 10 የቅስት ሰከንድ ያወርደዋል።

ቦታው ጥሩ፣ እይታውም ሰፊ ነው። ጥያቄው ያገኘው ነገር ምንድን ነው የሚለው ነው። ከሚያያቸው ብልጭታዎች ብዙዎቹ የቅርብ ኮከቦች ፍንዳታ ናቸው። ስለዚህ ቦታው ላይ የታወቀ ቀይ ድንክ ኮከብ መኖር አለመኖሩን በካታሎግ ማየት የመጀመሪያው ሥራ ይሁን፤ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፣ ሌሊት ያድናል። በሌላ በኩል ጋማ ጨረራቸው ደካማ የሆነ፣ ሌሎቹ ሳተላይቶች የማያዩአቸው እንግዳ ክስተቶች የሚገኙት እዚህ ነው። አዲስ ነገር ፈላጊ ከሆኑ ከሁሉ በላይ የሚያጓጓው ይህ ነው።

በፕላኔቶች መካከል የተዘረጋው መረብ፦ ሰዓት አነጻጻሪው

አሮጌው ዘዴ ይህ ነው፤ በ1967 ፍንዳታን መጀመሪያ ያዩት የቬላ ሳተላይቶችም፣ ግኝቱ በ1973 ሲታተም፣ አቅጣጫውን የገመቱት በመድረሻ ሰዓት ልዩነት ነበር። ሁለት ሳተላይቶች አንዱን ፍንዳታ በተለያየ ቅጽበት ካዩት ቦታው ሰማይ ላይ ባለ አንድ ቀለበት ውስጥ ነው። ሦስተኛ ሲጨመር ሁለት ቀለበቶች ሁለት ቦታ ይቆራረጣሉ፤ አራተኛው የትኛው እንደሆነ ይለያል።

የቀለበቱን ውፍረት የሚወስነው በሳተላይቶቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ቁጥሩን አብረን እናስላው። የሩሲያው ኮነስ መሣሪያ ከ1994 ጀምሮ ዊንድ በተባለው መንኮራኩር ላይ አለ፤ የሚገኘው ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ነው፣ ብርሃን 5 ሰከንድ ይፈጅበታል። ሰዓቱ በ0.1 ሰከንድ ቢሳሳት 0.1 ለ5 ሲካፈል 0.02 ራዲያን፣ ማለትም 1.1 ዲግሪ ይሆናል። ማርስ አካባቢ ያለ መንኮራኩር 200 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ቢገኝ ያው 0.1 ሰከንድ ግማሽ የቅስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው የሚያሳስተው። ምድርን ዝቅ ብለው የሚዞሩና 7,000 ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ሳተላይቶች ግን ሰዓታቸውን እስከ አንድ ሺኛ ሰከንድ ቢያውቁት እንኳ ቀለበቱ 2.5 ዲግሪ ይወፍራል።

ዋጋው ጊዜ ነው። ከሩቅ ያለ መንኮራኩር መረጃውን የሚልከው ተራው ሲደርስ ስለሆነ ውጤቱ በሰዓታት ወይም በቀናት ይመጣል። ለትንሽ ቴሌስኮፕ አይሆንም። ለባለ 1 ሜትርና ከዚያ በላይ ግን የፈርሚን ሰፊ ክብ በቀጭን ቀለበት ቆርጦ ሊሸፈን ወደሚችል ክልል ስለሚያወርደው ውድ ሀብት ነው። በአሮጌ መመሪያዎች ውስጥ የመረቡ ምሰሶ ተደርጎ የሚጠቀሰው የአውሮፓ ሳተላይት ኢንቴግራል በፌብሩዋሪ 2025 ምልከታውን ማቆሙን ልብ ይበሉ።

ትንንሾቹ ሳተላይቶች

ከማርች 2021 ጀምሮ የሠራችው ግርብአልፋ ትልልቆቹ ዲቴክተሮች በጨረር ብዛት የተጥለቀለቁበትን የኦክቶበር 2022ቱን ፍንዳታ ጫፍ መለካት ችላለች፤ ትንሽ መሆን አንዳንዴ ይጠቅማል። በኤፕሪል 2024 ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የተለቀቀችው የናሳዋ በርስትኪዩብ ግን አንዱ የፀሐይ ሰሌዳዋ በደንብ ሳይዘረጋ ቀርቶ የኮከብ መከታተያዎቿን ጋረደ፣ የአየር ግጭቱንም ጨመረ፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ወደ ከባቢ አየር ተመልሳ ተቃጠለች። ለማንቂያ ምንጭነት ገና ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሆኖ ዲቴክተር መሥራት መማር ለሚፈልግ ግን ከዚህ የተሻለ በር የለም።

ሠንጠረዥ

| ምርጫ | ዘዴ | የቦታ ስህተት | መዘግየት | የሚያየው ሰማይ | የሚጠነቀቁት |
|---|---|---|---|---|---|
| ስዊፍት ባት | ጥላ | 1–4 የቅስት ደቂቃ፤ በኤክስሬይ 5 የቅስት ሰከንድ | ሰከንዶች፤ ኤክስሬዩ ደቂቃዎች | 1/9 | ዕድሜው፣ ምህዋሩ |
| ፈርሚ ጂቢኤም | የቆጠራ ሬሾ | ጥቂት ዲግሪ፤ አንዳንዴ ከ10 በላይ | ሰከንዶች፤ የተጣራው ደቂቃዎች | በምድር ያልተጋረደው ሁሉ | ያልተደመረ መዛባት |
| ስቮም ኤክሌርስ | ጥላ | እስከ 13 የቅስት ደቂቃ | በአብዛኛው ከግማሽ ደቂቃ በታች | 1/6 | ቁጥራቸው አነስተኛ |
| አይንሽታይን ፕሮብ | የሎብስተር ዓይን | ጥቂት የቅስት ደቂቃ | ከደቂቃዎች እስከ ሰዓታት | 1/11 | የኮከብ ብልጭታ |
| የፕላኔቶች መረብ | የሰዓት ልዩነት | ከቅስት ደቂቃ እስከ ዲግሪዎች | ሰዓታትና ቀናት | ሰማዩ በሙሉ ማለት ይቻላል | ይዘገያል |

እንደ አቅምዎ

ቴሌስኮፕ ከሌለዎት ፈርሚ። መረጃው ለሁሉም ክፍት ነው፤ በተራ ላፕቶፕ የፍንዳታውን የብርሃን ግራፍ አውጥቶ ርዝመቱን መለካት፣ አጭር ወይስ ረጅም ብሎ መለየት ይቻላል። ብዛቱ ለተማሪዎች ልምምድ ተመራጭ ያደርገዋል።

20 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ቴሌስኮፕ ካለዎትና በራሱ የሚዞር ከሆነ ስዊፍትና ስቮም፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ ፎቶ ማንሣት ካልቻሉ ይተዉት። በእጅ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ተስፋ ባይደረግ ይሻላል፤ ገንዘቡ ወደ ሞተርና ወደ ኮምፒውተር ይሂድ፣ ሰፊ መስተዋት ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ባለ 1 ሜትር መስተዋት ያለው ቡድን ለመጀመሪያው ሰዓት ስዊፍትንና ስቮምን፣ ከዚያ በኋላ አይንሽታይን ፕሮብንና መረቡን ይከተል። ፈርሚን ብቻውን ማሳደድ የለበትም፤ ሌላ ምንጭ ክልሉን ሲያጠብብለት ብቻ ይነሣ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ወደ ሰሜን ስለሆነች ከአድማስ 30 ዲግሪ በላይ ከደቡብ 51 እስከ ሰሜን 69 ዲክሊኔሽን (የሰማይ ኬክሮስ) ድረስ ያለውን ሰማይ ታገኛለች፤ ብዙ የአውሮፓ ቦታዎች ይህን አያልሙትም። ክረምቱ ግን ሰማዩን ይዘጋዋል፤ የዓመት ዕቅድ ሲወጣ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ባይቆጠር ይሻላል።

ሁለት ምንጭ አንድ ላይ ማንበብ ለምን እንደሚያስፈልግ ኦክቶበር 9 ቀን 2022 አሳይቷል። ፈርሚ በ13:17 ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) እስከዚያ ድረስ ከተመዘገበው ሁሉ የደመቀውን ፍንዳታ ያዘ። ስዊፍት በዚያ ቅጽበት ወደዚያ አያይም ነበር። በ53 ደቂቃው ቅሪት ብርሃኑ ብቻውን ባትን አስነሣው፤ ቦታው ከፍኖተ ሐሊብ ወለል 4 ዲግሪ ብቻ የራቀ ስለነበር መጀመሪያ የእኛው ጋላክሲ ምንጭ ተደርጎ ተገመተ። የብርሃን ቴሌስኮፑ 16.6 ማግኒቲውድ አካባቢ አየው። በአዲስ አበባ ሰዓት ባት የተነሣው ከቀኑ 11 ሰዓት ከ10 ነው። በስሌት ሲታይ ቦታው ፀሐይ እንደጠለቀች ከአናት 11 ዲግሪ ብቻ ዝቅ ብሎ ይገኝ ነበር፤ በምሥራቅ ሙሉ ጨረቃ እየወጣች። ሁለቱን ማንቂያዎች አንድ ላይ ያነበበ ሰው ቴሌስኮፑን ለማዘጋጀት አንድ ሰዓት ገደማ ነበረው።

ማንቂያውን መቀበልና የሚበላሸው ነገር

የሁሉም መሰብሰቢያ ናሳ የሚያስተዳድረው ጂሲኤን ነው። ነፃ መለያ ከፍተው፣ የደንበኛ ስምና የሚስጥር ቁልፍ ወስደው፣ በፓይተን ቋንቋ በተጻፈ አጭር ፕሮግራም ካፍካ በተባለው የመልእክት ማሰራጫ የሚመጣውን ስርጭት ያዳምጣሉ። «ኖቲስ» ለማሽን የሚላከው ነው፣ «ሰርኩላር» ሰው የሚጽፈው። ቴሌስኮፕ የሚያነሣው ኖቲስ ነው፤ ሰርኩላር ግን ፍንዳታው እውነት መሆኑን ይነግራል።

በአሮጌው የጽሑፍ ኖቲስ ላይ አንድ ቦታ ሦስት ጊዜ ተጽፎ ይመጣል፦ በ2000፣ በአሁኑና በ1950 ዓመት የሰማይ መጋጠሚያ መነሻ። ቴሌስኮፑ የ2000ውን እየጠበቀ የአሁኑን ቢሰጡት፣ የምድር ዘንግ በዓመት 50 የቅስት ሰከንድ ስለሚሸሽ በ26 ዓመት እስከ 22 የቅስት ደቂቃ ይስታል፤ ከ16 የቅስት ደቂቃ ካሜራ ውጭ ማለት ነው። ፎቶው ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ኮከቦቹ ያምራሉ፣ ፍንዳታው ግን የለም።

ሰዓቱም አለ። ዩቲሲን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለመቀየር 3 መቀነስ ይበቃል፤ 18:00 ዩቲሲ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ከ12 ካለፈ 12 ይቀንሱ። ተረኛው በዚህ፣ ኮምፒውተሩ በዩቲሲ፣ የካሜራው ሰዓት በሌላ ከሆነ የፎቶው ጊዜ በሰዓታት ይዛነፍና መለኪያው ከንቱ ይሆናል። ፋይል ላይ የሚጻፈው ዩቲሲ ብቻ ይሁን።

ግንኙነቱ መሥራቱን ለማወቅ ፍንዳታ መጠበቅ አያሻም፤ ጂሲኤን በየሰከንዱ የሚልከው የልብ ምት አለ። ለአንድ ደቂቃ ከጠፋ ፕሮግራሙ ራሱን አስነሥቶ እንደገና እንዲገናኝ ያድርጉ። ከዚያ የሙከራ ኖቲሶችን ይክፈቱለት፣ ጉልላቱና መስተዋቱ እስኪንቀሳቀሱ ድረስ ይፈትኑት፤ ሲጨርሱ የሙከራውን ዓይነት ከዝርዝሩ ማውጣቱን አይርሱ፣ አለበለዚያ ቴሌስኮፑ ሌሊቱን ሙሉ ሐሰተኛ ቦታ ላይ ሲዞር ያድራል።